በእምነት የታጠበ ጥርስ

ከታደሰ ጋር መጨረሻ ላይ የሠራነው ተራ ነገር ጣሳ ውስጥ ውሃ መጨመር ነበር።

ባለቤቴ ጥርስ ሠሪ ነበር። ደሴ ውስጥ አንድ ሐኪም የለካቸውን ሰዎች ተነቃይ ጥርስ በጓሯችን ባለች ክፍል ይሠራል። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ጥርሳቸውን የሚያጥቡት እቤት ባገኙት ነው፤ በሎሚ፣ በጨው፣ በአመድ፣ በእንዶድ፣ በአረቄ። የትኛው ጥርሱን እንደሚያደክመው ማወቅ ፈለገ። ድዱ ከሚሠራበት ሮዝ ፕላስቲክ ቀጫጭን ቁራጮች አዘጋጀና በየብርጭቆው ዘፈዘፋቸው። የአመዱን ቁራጭ በየቀኑ በቡሩሽ ይፈትገው ነበር። ከወራት በኋላ አንድ በአንድ እያወጣ ሁለት ጡብ ላይ ያጋድማል፤ መሐሉ ላይ ጣሳ ያንጠለጥላል። እኔ እስኪሰበር ድረስ በጭልፋ ውሃ እጨምራለሁ።

«ጨምሪ» ይላል። «ጨምሪ... ቀስ... ቁሚ።»

የአመዱ ቀድሞ ሄደ። አረቄ ውስጥ የከረመው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥቶ ነበርና እሱም ብዙ አልታገሰ። የሎሚው መልኩ ደብዝዟል፤ ቢሆንም ታገለ። የእንዶዱና የንጹሕ ውሃው ጣሳው እስኪሞላ ድረስ እየጎበጡ ቆዩ። «እንዶድ ደግሞ ይመራል፤ ማን አፉ ያስገባዋል?» ብሎ ሳቀ። የቀረውን ነገ እንጨርሳለን አለ። የፈሰሰውን ውሃ ወለወልኩ። በማግስቱ ጠዋት አልነቃም።

ለቅሶ ደራሾች ቤቱን ሲያሰናዱ ብርጭቆዎቹንም አጠቡልኝ። በየብርጭቆው የቀረውን ሰብስበው ውሃ በሞላበት አንድ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ውስጡ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክና አንድ ሙሉ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ነበሩ። ጥርሱን ታደሰ ለታላቅ ወንድሙ ለቄስ መርሻ መለዋወጫ እንዲሆን የሠራው ነው። በየትኛው ብርጭቆ እንደነበረ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በንጹሕ ውሃው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ይሁን እንጂ አንዳንዴ ሙሉ ጥርስም ለሙከራ ሲዘፈዝፍ አይቼዋለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቄስ መርሻ ከትውልድ አገራቸው ከደሃና ደወሉ። የድሮው ጥርሳቸው ለሁለት ተሰንጥቋል። ታደሰን ደሴ ብንቀብረውም በተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱን ሊያደርሱለት ይፈልጋሉ፤ የታደሰ ክርስትና ስም ግን ፍሥሐ ጽዮን ነው። በስልኩ ውስጥ ስሙን ሲጠሩት «ህሽሐ ጭዮን» ነበር የወጣው።

«እንዲህ ብዬ ብጠራው ለማን እንደጸለይሁ ማን ያውቃል?» አሉ። «ሁለተኛውን ጥርስ ይዘሽልኝ ነይ እታለም።»

ሳይሰበር ማድረሱ ብቻ አልነበረም ጭንቀቴ። በፍትሐቱ መሐል፣ ስሙ ላይ ሲደርሱ አፋቸው ውስጥ ቢሰነጠቅስ?

የመጀመሪያው ቀን፤ ከደሴ ወልድያ

ታደሰ በየዓመቱ ወደ አገሩ ሲሄድ እኔ ተከትዬው አላውቅም። መኪና ያዞረኛል፤ ከዚያም ጦርነቱ መጣ። አሁን የማር ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አድርጌ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጦሳ ተራራ ከኋላችን በደመና ተሸፍኖ ቀረ።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ዘንቢሌን ከፈተና ጠርሙሱን አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«ጥርስ ነው።»

«የማን?»

«የቄስ።»

«ቄሱስ የታሉ?»

«ጥርሳቸውን እየጠበቁ ነው» አልኩ። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። ፈታሹ ግን አልሳቀም። ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝና «ወዲያ አዙሪው፤ ወደኔ እየሳቀ ነው» አለኝ። አየሁት። እውነትም ጥርሱ ውሃው ውስጥ ዞሮ ወደ እሱ ተመልክቶ ነበር።

ወልድያ አደርኩ። ሙቀቱ ለደሴ ሰው ይከብዳል። ያደርኩበት ቤት ሴትዮ ጠርሙሱን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ነጭ ጨርቅ ጣል አደረገችበት።

ሁለተኛው ቀን፤ እስከ ሰቆጣ

የድልብን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ ክዳኑ ላልቶ ውሃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ታደሰ «ይሄ ጥርስ ደርቆ ከዋለ ቅርጹን ይለቃል» ይል ስለነበር ደነገጥኩ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት የቄስ ጥርስ መሆኑን ስነግራቸው ከእግራቸው ሥር ትንሽ ጀሪካን አወጡ።

«ጠበል ነው ልጄ። ሌላ ውሃ የለኝም።»

«ለጥርስ ማጠቢያ ጠበል ይሆናል?»

«የቄስ ጥርስ አላልሽም? ይስማማዋል።»

ቀዱልኝ። ከጥርሱ ሥር አንዲት የአየር አረፋ ወጣች፤ ጥቂት ቆይታ ሌላ፤ እንደሚተነፍስ ሰው። አሮጊቷም አዩት። ጀሪካኑን ወደ ወዲያኛው ጎናቸው አዛወሩት።

ጋሸናን አልፈን፣ ላሊበላ መኪና ቀይረን፣ በአስከተማ በኩል ወደ ዋግ ገባን። ምድሩ ከወሎ ደጋ ይለያል። እኛ ዘንድ ተራራው ሣር ለብሶ ይታያል፤ እዚህ አጥንቱ ወጥቷል። ማሽላው አጭር ነው፤ ድንጋዩ ረጅም። መንደር ነው ብዬ ያየሁት ሁሉ ስንቀርበው ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ ድንጋይ ነው ብዬ ያለፍኩት ደግሞ ጢስ ያወጣል።

ሰቆጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ባጃጁ ወደ እማማ ትርንጎ አልጋ ቤት ወሰደኝ። እማማ ትርንጎ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ከሩቅ መምጣቴን ሲሰሙ «ይህን ሁሉ አቀበት እኛን ልታይ!» ብለው ሳቁ።

ዘንቢሌን አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አፋቸው ላይ ያየሁት የታደሰ ሳቅ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ፍንጭት፣ ወደ ውስጥ ትንሽ ዞር ያለው የግራ ክራንቻ። ታደሰ ጥርስ ሲደረድር የራሱን ጥርስ በምላሱ እየዳሰሰ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዓይኑ ጥርሶቹን በሚተክልበት ሰም ላይ፣ ምላሱ ጉንጩ ውስጥ። ደሴ የሚሠራው በሐኪሙ ትእዛዝ ነበር። እዚህ ማንም አላዘዘውም፤ የራሱን አፍ ቀድቷል።

«ምነው ልጄ፣ ደነገጥሽ?»

«ጥርስዎን ማን ሠራልዎ?»

«ታደሰ ነዋ፣ የደሃናው። ለወንድሙ ሲመጣ ለብዙዎቻችን ሠርቷል። ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ አልኩ። ጥርሳቸውን በምን እንደሚያጥቡ ጠየቅኋቸው፤ ሌላ የምለው አልመጣልኝም። በሎሚና በጨው ፈትገው፣ ሌሊቱን ሎሚ ውስጥ እንደሚያሳድሩት ነገሩኝ። አውጥተው አሳዩኝ። ሮዙ ነጥቶ፣ እንደ ቆየ ሳሙና ሆኗል።

«ሎሚውን ይተዉት እማማ። በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።»

«አይ፣ እሱ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ። ያንቺን ብሰማ ይቀየመኛል።»

ያኔ ነገርኳቸው። ጥርሱን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። መልሰው አላጠለቁትም። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እራት አቀረቡልኝ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ነጭ ማርም ጨመሩልኝ። እሳቸው አልበሉም። «የሞተ ሰው ሥራ አፌ ውስጥ ሆኖ ምን እበላለሁ?» አሉኝ።

ሦስተኛው ቀን፤ ሰቆጣ

ወደ ደሃናዋ ከተማ ወደ አምደ ወርቅ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ ገበያ ወጣሁ። ሰዉ ከየደጋው በእግሩ መጥቷል፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአገሩ የአገው ቋንቋ በኽምጣኛ ይጫረታል። ፍየል የሚሸጡ ሽማግሌ ዋጋ ሲከራከሩ ሳቁ። ታደሰ። ጌሾ የያዘች ሴት ለጎረቤቷ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። ታደሰ። ከዚያ በኋላ የሰው ፊት ማየት ትቼ እግር እግር እያየሁ ሄድኩ። ደሴ ገበያ ውስጥ ዓመት ሙሉ ፈልጌ ያጣሁትን ፊት፣ እዚህ ሳልፈልገው በየሰዉ አፍ ተበታትኖ አገኘሁት። ደስ አላለኝም። ፈራሁ።

ስመለስ እማማ ትርንጎ ጥርሳቸውን አጥልቀዋል። «መብላት አለብኝ እኮ» አሉኝ፤ እንደማፈር ብለው። የአልጋውን አልቀበልም አሉ። ለመንገዴ ማር አሰሩልኝ።

አራተኛው ቀን፤ ደሃና

አምደ ወርቅ ስወርድ ቄስ መርሻ አህያ ይዘው ቆመው ነበር። አፋቸውን በመዳፋቸው ጋርደው አቀፉኝና አለቀሱ። ዘንቢሌን አህያው ላይ ጫኑ፤ ጠርሙሱን ግን እኔው ያዝኩ።

ከገደሉ ሥር ጉም እየወጣ መንገዱን ይበላዋል። የደሴ ጉም ከላይ ይወርዳል፤ የዚህ ከታች ይመጣል። ቄሱ ከፊቴ ይሄዳሉ። ከኋላቸው ሲታዩ ትከሻቸው፣ ግራ እግራቸውን ወደ ውጭ መጣላቸው፣ ሁሉም የታደሰ ነው። ጉሙ ሲውጣቸው የአህያው ኮቴ ብቻ ይሰማኛል፤ ሲተፋቸው ዞር ብለው ያዩኛል፤ ያኔ ሽማግሌ ናቸው። መንገደኛ ሲያገኙ በኽምጣኛ ያወራሉ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ መሐል ላይ «ታደሰ» የሚል ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ጠርሙሱ ይመለከታል።

ባለቤታቸው፣ ሙሉ የምትባለው፣ ደጃፍ ላይ ተቀበለችን። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አይርቅም፤ ቀልደኛ ሴት ናት። እግሬን አጥባ፣ የገብስ ቂጣ በእርጎ አቀረበችልኝ። ከዚያ ቄሱ የተሰበረውን ጥርስ ከጨርቅ ፈትተው ሰጡኝ። ልክ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። የላንቃው በኩል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል፤ በብርሃን ሲታይ ጭረት በጭረት ነው።

«በምን ነበር የሚያጥቡት?»

«እሱ እንዳለኝ ነዋ። በእምነት።»

«በምን?»

«በእምነት! ጠዋት ጠዋት፣ በጣቴና በመፋቂያ ደህና አድርጌ እፈትገዋለሁ።»

ለማያውቅ አንባቢ፣ እምነት የሚባለው ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ የተባረከ አመድ ነው፤ ሕመምተኛ ይቀባዋል። ታደሰ ስለ ጥርሱ አጠባ በስልክ ሲያናግራቸው አጠገቡ ነበርኩ። ጥርሱ ይሰበርብኛል ብለው ለማጠብ ሲፈሩ ጊዜ «አይዞህ፣ በእምነት እጠበው፤ አይሰበርም» አላቸው። አትፍራ፣ ተማምነህ እጠበው ማለቱ ነበር። ይህን ነገርኳቸው።

ቄሱ የተሰበረውን ጥርስ ከእጄ ወሰዱ። «እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ከተማ ገብቶ ሃይማኖቱ ላልቷል ስለው ለካ ጠንክሯል ብዬ እግዜርን አመስግኜ ነበር።»

ሙሉ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ነግሬዎት አልነበር? እምነት ለሕመም ነው እንጂ ለእድፍ አይደለም ብዬ! አመዱን ሲጨርሱት እኮ ደብሩ ሊከስዎት ነበር።»

እኔም ሳቅሁ፤ ከዓመት በኋላ። ከዚያ ግን ስለ አዲሱ ጥርስ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። በየትኛው ብርጭቆ እንደከረመ አላውቅም፤ አረቄው ውስጥ ከነበረ ስንጥቁ ባይታየንም ደክሟል፤ አልኳቸው። ጠርሙሱ ውስጥ አብሮት የመጣውን ቁራጭ አውጥቼ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደምኩ። ጣሳ አንጠለጠልን። ሙሉ በቅል ውሃ ይዛ ቆመች።

«ጨምሪ» አልኳት። «ጨምሪ... ቀስ...»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን እንደሆነ አወቅሁትና አቆምኩ። ወዲያው ቁራጩ ጣቅ ብሎ ተሰበረ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጣሳው ገና ግማሽ አልሞላም ነበር።

«ጥርሱና ቁራጩ ከአንድ ጠርሙስ ናቸው» አልኩ። «ከአንድ ብርጭቆ መሆናቸውን ግን አላውቅም።»

ቄስ መርሻ ጥርሱን አንስተው በውሃ አለቀለቁት። «ስሙ ከአፌ ከወጣ በኋላ የፈለገውን ይሁን» አሉና አጠለቁት። ምላሳቸውን ዙሪያውን አዙረው «እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ ልክ ነው።»

በ«ሰ»ው ላይ ቀጭን ፉጨት ነበረች። ታደሰ በፍንጭቱ የሚያፏጫት ፉጨት ናት። የድሮውን ጥርስ ታደሰ የሠራው እዚሁ፣ የወንድሙን አፍ እያየ ነበር። ይሄኛውን ግን ደሴ ብቻውን ሆኖ፣ የራሱን አፍ እየዳሰሰ ሠራው። የወንድማማቾቹ ድምፅ ድሮም አንድ ነበር፤ የሚለያያቸው ፉጨቷ ብቻ ነበረች።

ሙሉ የያዘችውን ቅል ጣለችው። «አውጣው!» አለች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ቄሱ፤ በታደሰ ድምፅ።

«አውጣው አልኩህ! አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?»

ሙሉ ባሏን አንቱ የምትል ሴት ናት። አንተ ትለው የነበረው ታደሰን ነው። ይህን ሦስታችንም አንድ ላይ ሰማነው። ቄሱ ጥርሱን አውጥተው ውሃ ውስጥ ከተቱት። ሙሉ ጎንበስ ብላ የቅሉን ስባሪ ለቀመች።

አምስተኛው ቀን፤ ቤተ ክርስቲያኑ

ጠዋት ጉሙ ዛፎቹን ውጦ ነበር። ቄስ መርሻ መቅደስ ከመግባታቸው በፊት ጥርሳቸውን የጠቀለሉበት ነጭ ጨርቅ ሰጡኝ። የቁርባን ፍርፋሪ ከሥሩ እንዳይቀር ሁልጊዜ ጥርሳቸውን አውጥተው ነው የሚቀድሱት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጥርሱን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ሲቀበሉኝ ሞቋል። «በእጅሽ ሙቀት ነው» አሉኝ፤ እንደማጽናናት።

ፍትሐቱ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ነበር። ሰዉ ከቦ ቆመ። ቄሱ ጥርሳቸውን አጠለቁና ጀመሩ። እኔ የምሰማው ጸሎቱን አልነበረም፤ ስንጥቅ ነበር። በየ«ጸ»ውና በየ«ቅ»ው ትከሻዬ ይሰበሰባል። ሙሉ ክንዴን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ገብቷል። ጸሎቱ ወደ ስሙ ቀረበ። ደረሰ።

«ፍሥሐ ጽዮን።»

አልተሰበረም። አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ከፉጨቷ ጋር፣ ጥርት ብሎ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። ታደሰ በሃያ ስንት ዓመት ትዳራችን የክርስትና ስሙን ጮክ ብሎ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ሰማሁት።

ከፊቴ የነበሩ አንድ አሮጊት አማተቡ። አንድ ሽማግሌ ወደ በሩ ዞረው ተመለከቱ፤ የሚገባ ሰው ያለ ይመስል። ሌሎችም ዞሩ። እኔም ዞርኩ። በሩ ላይ ጉም ብቻ ነበር።

ቄስ መርሻ ቆሙ። ሳሉ። እጃቸውን ወደ አፋቸው አስገብተው ጥርሱን አወጡትና መዳፋቸው ላይ ያዙት። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ ፊታቸው የራሳቸው ሆነ።

«ሟች የራሱን ስም አይጠራም» አሉ ለሕዝቡ፤ ቃሉ በድዳቸው መሐል እየተኮላተፈ። «እኔ ነኝ የምጠራው። እግዜር የድድ ቋንቋ አይጠፋውም።»

ከዚያም ጠሩት። «ህሽሐ ጭዮን።»

ማንም አልሳቀም። «ነፍሱን ይማር» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። የተንሻፈፈው ስም የታላቅ ወንድም ጥሪ ነበር፤ የሌላ የማንም አልነበረም። ታደሰ የሞተው ያኔ ነው ማለት እችላለሁ። ሙሉ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ዝክሩ ላይ ቄሱ ጥርሳቸውን መልሰው አጠለቁ። የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ዘግነው ቀርጠም ቀርጠም አደረጉት። ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ስንጥቁን ጠበቀች፤ አልተሰማም።

«ለቆሎ ይሆናል» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ለፍትሐት ግን እሱ አይምጣብኝ።»

«እንግዲህ ቆሎ ሲበሉ አያውሩ» አለች ሙሉ። «ያኛውን አንተ እላለሁ፣ እርስዎን አንቱ፤ ግራ ይገባኛል።»

ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን

ተመለስኩ። ሙሉ በባዶው ጠርሙስ ማር ሞልታ ሰጠችኝ። ሰቆጣ እማማ ትርንጎን ዓይናቸውን አይቼ ሳምኳቸው፤ ሎሚውን ትተውታል። ኬላው ላይ ሌላ ፈታሽ ነበር። ማሩን አይቶ አሳለፈኝ።

አሁን ደሴ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የታደሰን ክፍል ከፍቼ እቀመጣለሁ። ጥርስ መሥራት አላውቅም። እሱ የሠራላቸው ሰዎች ሲመጡ ጥርሳቸውን በምን እንደሚያጥቡ እጠይቃቸዋለሁ፤ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት እላቸዋለሁ።